ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊት፦ ከቤት ተራፊ ዕቃ መገልገያ የመሥራት መመሪያ

በአዲስ አበባ ሰፈሮች ማለዳ ላይ «ቆራሌው!» የሚለውን ጥሪ የማያውቅ የለም። ጆንያውን በትከሻው አንግቶ የሚዞረው ሰው ከየቤቱ በጥቂት ብር የሚገዛው ጀሪካን፣ ጣሳ፣ ሽቦና አሮጌ ጫማ ብዙው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ደርሶ ይራገፋል። እዚያም ቆርቆሮው ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ፣ የመኪናው ጎማ ተቆርጦ ጫማ ይሆንና በሳንቲም የሸጥነውን ዕቃ መልኩን ለውጦ በብዙ እጥፍ መልሰን እንገዛዋለን።

ይህ መመሪያ የምናለሽ ተራን ሙያ ለመተካት አይቃጣም። መዶሻና ብየዳ የሚፈልገውን ሥራ ለባለሙያዎቹ ትቶ፣ በወጥ ቤት ቢላዋ፣ በመቀስ፣ በምስማር፣ በወስፌና በሲባጎ ብቻ የሚሠሩ አምስት መገልገያዎችን ያሳያል። አምስቱም የተመረጡት በአንድ መለኪያ ነው፦ ሥራው ሲያልቅ ቤተሰቡ በየጊዜው የሚያወጣው አንድ ወጪ ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም? ከውሃ ፕላስቲክ አበባ ቆርጦ መሥራትን አልቃወምም፤ ይሁን እንጂ ለሙጫው፣ ለቀለሙና ለሪባኑ የወጣው ገንዘብ ሲደመር አበባው ርካሽ አይደለም፤ ከጥቂት ወራት በኋላም አቧራ ለብሶ ወደ ቆራሌው መሄዱ አይቀርም።

ዕቃ ሲመርጡ

ከሁሉ አስቀድመው ዕቃው ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር ይወቁ። የምግብ ዘይት የነበረበት ባለ 3፣ ባለ 5 ወይም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በደንብ ከታጠበ ከዚህ በታች ለተጠቀሱት ሥራዎች ይሆናል። ቅባቱ አልለቅ ካለ አንድ ጭብጥ ሩዝ ወይም ንጹሕ አሸዋ ከሞቀ የሳሙና ውሃ ጋር ጨምረው ክዳኑን ገጥመው አጥብቀው ይናጡት፤ ግድግዳውን ፈግፍጎ ያወጣዋል። ፀረ ተባይ፣ ናፍጣ፣ የባትሪ አሲድ ወይም የቀለም ማቅጠኛ የነበረበት ጀሪካን ግን ስንት ጊዜ ቢታጠብ ለውሃም፣ ለምግብም፣ ለአትክልትም አይሆንም። ፕላስቲኩ ኬሚካሉን መጥጦ ቆይቶ በዝግታ ስለሚለቀው፣ ሽታው ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም።

ሃይላንድ እያልን የምንጠራው የውሃ ፕላስቲክ ከታች በሦስት ማዕዘን ውስጥ 1 ቁጥር ታትሞበት ይገኛል፤ ሙቅ ውሃ ሲገባበት ስለሚኮማተር ሙቀት ለሚነካው ሥራ አይምረጡት። ጀሪካን በአብዛኛው 2 ቁጥር፣ እህልና ዱቄት የሚመጣበት የተሸመነ ማዳበሪያ ደግሞ 5 ቁጥር ከሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት የሚሠሩ ስለሆነ ጠንከር ያሉ ናቸው፤ ሆኖም ማዳበሪያ ፀሐይ ላይ ሲውል ሲከርም ይፈረፈራል።

የማብሰያ ሣጥን

ከአምስቱ አንዱን ብቻ ለመሥራት ጊዜ ያለው ሰው ይህንን ይሥራ እላለሁ። ባቄላ ወይም ንፍሮ ሲቀቀል ከሚነደው ከሰል ውስጥ ውሃውን ለማፍላት የሚውለው ትንሹ ነው፤ ብዙው የሚያልቀው የፈላው ውሃ እንዳይበርድ ሲባል ነው። ድስቱ በጎኑ፣ በክዳኑና በእንፋሎቱ ሙቀት እያፈሰሰ ስለሚቆይ፣ እሳቱ የፈሰሰውን ሲተካ ይውላል። ድስቱ ከፈላ በኋላ ሙቀቱ እንዳይወጣ በሚገባ ከተጀቦነ ግን ምግቡ በያዘው ሙቀት ያለ እሳት ይበስላል። ዘዴው የቆየ ነው፤ በአውሮፓ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ወቅት ነዳጅ ሲጠፋ በድርቆሽ በተሞላ ሣጥን ማብሰል የተለመደ ነበር።

የሚያስፈልገው ከድስትዎ በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም የአንድ መዳፍ ስፋት ያህል የሚበልጥ ካርቶን፣ ሁለት አሮጌ አንሶላ ወይም ነጠላ፣ እንዲሁም መሙያ ነው። ለመሙያ የደረቀ የጤፍ ጭድ ተወዳዳሪ የለውም፤ በየሰበዙ መካከል አየር ስለሚይዝ ሙቀት አያሳልፍም። ጭድ ከሌለ ቡትቶ፣ ከአሮጌ ፍራሽ የወጣ ስፖንጅ ወይም ጥጥ፣ አለዚያም ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ነጭ ማሸጊያ ተፈርፍሮ ይበቃል። እርጥበት ያለው መሙያ ሙቀቱን ስለሚያሳልፍና ስለሚሻግት አስቀድመው ፀሐይ ላይ ያውሉት።

የካርቶኑን ስር በፕላስተር ወይም በወፍራም ሲባጎ ያጠንክሩ። ከአንደኛው አንሶላ ካርቶኑን ከውስጥ ሊያለብስ የሚችል ሰፊ ከረጢት ሰፍተው በመሙያው ይሙሉት፤ ካርቶኑ ውስጥ ካስገቡት በኋላ ድስቱን ባዶውን መሀሉ ላይ አስቀምጠው እየተጫኑ ጎድጓዳ ጎጆ እንዲያወጣ ያድርጉት። ጎጆው ድስቱን ጥብቅ አድርጎ ማቀፍ አለበት፤ በድስቱና በመሙያው መካከል ክፍት ቦታ ከቀረ ሙቀቱ የሚያመልጠው በዚያ ነው። ከሁለተኛው አንሶላ ደግሞ የካርቶኑን አፍ ሙሉ በሙሉ የሚደፍን ወፍራም ትራስ ይሥሩ። ትራሱ ከጎኖቹ ይልቅ ወፈር ይበል፤ ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ የሚፈተነው ክዳኑ ነው። በመጨረሻም በጎጆው ውስጥ፣ የድስቱ ቂጥ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ሁለት ድርብ ካርቶን ወይም አሮጌ የእንጨት መክተፊያ ያስቀምጡ። ይህን የመጨረሻውን ነገር ከራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት፦ የመጀመሪያውን ሣጥን ስሠራ ከምድጃ የወረደውን ብረት ድስት በስፖንጁ ላይ በቀጥታ አስቀመጥኩት፤ ምሽት ላይ ሳነሳው ግማሹ ስፖንጅ ከድስቱ ቂጥ ጋር ተጣብቆ ወጣ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታውም ለሦስት ቀን ከቤት አልወጣም። የድስቱን ጥቀርሻ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ማስገባትም አንሶላውን ያተርፋል።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ምግቡ ከድስቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛውን የሚሞላ ይሁን፤ ትንሽ ምግብ የሚይዘው ሙቀት ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይበርዳል። ውሃው የማይተን በመሆኑ ከወትሮው አንድ አራተኛ ያህል ይቀንሱ። ድስቱን ክዳኑን ገጥመው በደንብ ያፍሉ፣ ለተወሰነ ደቂቃ እየተንተከተከ ያቆዩት፣ ከዚያም ክዳኑን ሳይከፍቱ አንስተው ወዲያውኑ ሣጥኑ ውስጥ ይክተቱት፣ ትራሱን ይጫኑበት፣ ከላይም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይደርቡበት። ሩዝ እሳት ላይ 5 ደቂቃ፣ ሣጥን ውስጥ 1 ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ድፍን ምስር እሳት ላይ 10 ደቂቃ፣ ሣጥን ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይቆያል። ሌሊቱን የተዘፈዘፈ ባቄላ ወይም ሽምብራ እሳት ላይ 20 ደቂቃ፣ ሣጥን ውስጥ 4 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። የተዘፈዘፈ የስንዴ ንፍሮ እሳት ላይ 30 ደቂቃ ቆይቶ ጠዋት ከገባ ለምሳ ይደርሳል፤ ካልላመ ዳግም አፍልቶ መመለስ ነው። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ እንጂ ሕግ አይደሉም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው፤ ድሬዳዋ ያለ ሰው ከዚህ ባነሰ ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን ያለው ደግሞ በበለጠ ጊዜ እንደሚያበስል አስቀድሞ ይወቅ።

ሁለት ጥንቃቄዎችን አጥብቄ አሳስባለሁ። የመጀመሪያው ስለ ቦሎቄ ነው። ጥሬ ቦሎቄ፣ በተለይም ቀዩ፣ ሆድ የሚያውክ የተፈጥሮ መርዝ አለው፤ መርዙ የሚጠፋው በሚንተከተክ ውሃ ሲቀቀል ብቻ ነው። ስለዚህ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍተው በአዲስ ውሃ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እየፈላ እሳት ላይ ካላቆዩት ሣጥን ውስጥ አያስገቡት። ሁለተኛው ስለ ጊዜ ነው። የምግብ ሙቀት ከ60 ዲግሪ በታች ሲወርድ ተሕዋስያን መራባት ስለሚጀምሩ፣ ሣጥኑን ምግብ ማሳደሪያ አያድርጉት። ሲከፍቱት እንፋሎት ካላወጣ፣ ወይም ጣት የማያቃጥል ለብታ ብቻ ከሆነ፣ ከመብላትዎ በፊት መልሰው ያፍሉት፤ ሥጋ ያለበትን ቅቅል ግን በማንኛውም ሁኔታ ሳያፈሉ አይብሉ።

ሣጥኑ የማይችለውን ሥራ አይጠይቁት። ቁሌት እሳት ይወዳል፤ ሽንኩርት ተጀቡኖ አይቁላላም። ሽሮም ቢሆን ቀድሞውኑ ጊዜ የማይፈጅ ስለሆነ ድካሙ ትርፍ የለውም።

የከሰል ድቃቂ ድብልብል

ከከሰል ጆንያ ስር የሚቀረው ድቃቂ ብዙ ጊዜ ይደፋል። ድቃቂው ግን ያው ከሰል ነው፤ የጎደለው መያያዣ ብቻ ነው። ድቃቂውን ከድንጋይና ከአፈር ለይተው ጉልሆቹን በአሮጌ ጣሳ ይጨፍልቁ። ለ10 ኩባያ ድቃቂ 1 ኩባያ ዱቄት ይበቃል፤ ነቀዝ የበላው ወይም ያረጀ ዱቄት ቢሆን ግድ የለም። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው፣ እያማሰሉ በእሳት ላይ እንደ ቀጭን ሙቅ ያድርጉት፤ ለብ ሲል ከድቃቂው ጋር በእጅ ይሹት። ልኩ የሚታወቀው ጭብጥ አድርገው ሲለቁት ሳይፈርስና ውሃ ሳያንጠባጥብ ሲቆም ነው። በብርቱካን መጠን አድቦልብለው ወይም በትንሽ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ጠቅጥቀው ያውጡት፤ መሀሉን በእስክሪብቶ ቢበሱት አየር ስለሚያገኝ ይበልጥ ይነዳል። ፀሐይ ላይ ከ4 እስከ 5 ቀን በየቀኑ እያገላበጡ ያድርቁ፤ ክረምት ላይ መጀመር ልፋት ብቻ ነው።

ድብልብሉ ብቻውን ቶሎ አይያያዝም፤ አስቀድሞ በተቀጣጠለ ከሰል ላይ ሁለት ሦስት ፍሬ ይደረባል። እንደ ጉልህ ከሰል ነበልባሉ የበረታ አይደለም፣ ነገር ግን ቀስ ብሎ ስለሚነድ ለቡናና ወጥ ለማሞቅ ይመቻል። ከሰል ከምንም ይሠራ ከምን፣ በተዘጋ ክፍል ሲነድ የሚያወጣው ጋዝ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ነው፤ ምድጃው ቢከስምም እንኳ ሰው በተኛበት ክፍል አይደር።

ያለ ቧንቧ የእጅ መታጠቢያ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች እጅ ለመታጠብ አንዱ ጆግ ይዞ ሌላው ላይ ያፈሳል፤ ብቻውን ያለ ሰው ደግሞ በሳሙና የተነካካ እጁን ጀሪካኑ ውስጥ እስከ መክተት ይደርሳል። የሚከተለው መታጠቢያ አንድ ጀሪካንና አንድ ምስማር ብቻ ይፈልጋል።

ግድግዳው ጠንካራ የሆነ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ይምረጡ። 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውን ምስማር በፒንሳ ይዘው በእሳት ላይ ያግሉትና ከጀሪካኑ ስር 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ አንድ ቀዳዳ ይብሱ። ይህን ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ያድርጉት፤ ከሚቀልጠው ፕላስቲክ የሚወጣው ጭስ ለሳንባ አይበጅም። ቀዳዳውን በጣት ደፍነው ጀሪካኑን ውሃ ይሙሉና ክዳኑን አጥብቀው ይግጠሙ፤ ጣትዎን ሲያነሱ ውሃው ጥቂት አንጠባጥቦ ይቆማል። ክዳኑን ግማሽ ዙር ሲያላሉት እንደ ቀጭን ክር ይፈሳል፤ መልሰው ሲያጠብቁት ያቆማል። ነገሩ ምትሐት አይደለም። ክዳኑ ሲጠብቅ የወጣውን ውሃ የሚተካ አየር ስለማይገባ ውስጡ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ የውጩ አየር በትንሿ ቀዳዳ በኩል ውሃውን ገፍቶ ይይዘዋል። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ አየር እየተንቦጫረቀ ስለሚገባ አይሠራም፤ ጀሪካኑ ስስ ከሆነም ግድግዳው ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ ማንጠባጠቡን ይቀጥላል።

ጀሪካኑን በሰው ወገብ ከፍታ ላይ፣ ቀዳዳው ከመደርደሪያው ጠርዝ ወጣ እንዲል አድርገው ያስቀምጡ፤ ከስር ሳፋ ወይም ባልዲ ይደቅኑ። ሳሙናውን በተቀደደ ስቶኪንግ ውስጥ ከትተው ከእጀታው ላይ ቢያንጠለጥሉት ውሃ ውስጥ ሲላቁጥ አያልቅም። ክዳኑን የሚነካው የቆሸሸ እጅ ስለሆነ ሳሙና ሲያስነኩ ክዳኑንም አብረው ማሸት ይልመዱ። ባልዲው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ለአትክልት አይሆንም፤ ለሽንት ቤት ይደፉት።

ጓሮ ያለው ሰው ደግሞ በገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚያስተምሩትን በእግር የሚሠራ ዓይነት ቢተክል ይሻላል። ሁለት ባላ ተተክሎ በአግዳሚ እንጨት ላይ ጀሪካኑ በእጀታው ይሰቀላል፤ ከአንገቱ የታሰረ ሲባጎ ከመሬት አንድ ጫፉ ከፍ ካለ እንጨት ጋር ይያያዛል፤ እንጨቱ ሲረገጥ ጀሪካኑ ያዘነብላል፣ በላይኛው ጎኑ ከተበሳው ቀዳዳም ውሃ ይወርዳል። እጅ የሚነካው ሳሙናና ውሃ ብቻ ስለሆነ ለመጸዳጃ ቤት ደጃፍ ከዚህ የተሻለ የለም።

በማዳበሪያ ከረጢት የሚበቅል ጎመን

የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ቁመቱን ይዞ ሲቆም ጎኑ በሙሉ መሬት ይሆናል፤ አንድ ካሬ ሜትር በማይሞላ ቦታ 18 ያህል የጎመን ችግኝ ይይዛል። የዱቄት ወይም የስኳር ማዳበሪያ ይመረጣል፤ በእርግጥ ዩሪያ የነበረበት ከሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ በውሃ ያለቅልቁት። ከሞላ በኋላ ከ80 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ቀን ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ አስቀድመው ይምረጡ። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ከአንድ በላይ መደርደርን አልመክርም፤ ሁለቱም ሦስቱም ውሃ ሲጠጡ ክብደታቸው ቀላል አይደለም፣ ከስር ያለው ጎረቤትም የሚወርድበትን ጭቃ በዝምታ አያልፈውም።

ችግኙን ቀድመው ያፍሉ። የካርቶን የእንቁላል ማስቀመጫ በየጉድጓዱ ስሩን በምስማር በስተው፣ በተነፋ አፈር ሞልተው፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት የጎመን ወይም የቆስጣ ዘር ጣል ያድርጉና በጥላ ስር በየቀኑ በእጅ እየረጩ ያጠጡት። ከ4 እስከ 5 ሳምንት ሲሞላው፣ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ለመተከል ደርሷል፤ ካርቶኑ ስለሚበሰብስ እየቆረጡ ከነሥሩ መትከል ይቻላል።

አፈሩን ሦስት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ አድርገው ያዋህዱ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ መሬት መሬት መሽተት እስኪጀምር ይጠብቁ። የቡና አተላ መጨመር ይቻላል፤ ሆኖም ከአንድ ሁለት ጭብጥ ካለፈ አፈሩን ጠፍጥፎ ውሃ ያግዳል።

ከዚያ በኋላ የሚሠራው የድንጋይ ዓምድ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሰንፎ ዘሎ ያልፈውና ላይኛው አፈር ጭቃ፣ ታችኛው ደረቅ ሆኖበት ከረጢቱን ይጥለዋል። የዱቄት ወተት ጣሳ ሁለቱንም ጫፍ ያስከፍቱና ከረጢቱ መሀል ያቁሙት። ጣሳውን በጠጠር ይሙሉ፣ ዙሪያውን በተዘጋጀው አፈር ይሙሉና ረገጥ ረገጥ ያድርጉ፣ ከዚያ ጣሳውን ቀስ ብለው እየነቀነቁ ወደ ላይ ይሳቡት፤ ጠጠሩ በቦታው ይቀራል። ይህን እየደጋገሙ እስከ አፉ 10 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ያድርሱት። መጨረሻ ላይ ጣሳው ሲወጣ፣ ከላይ እስከ ታች የሚዘልቅ የጠጠር ቧንቧ መሀሉ ላይ ቆሞ ይታያል። ውሃ የሚፈሰው በዚህ በኩል ስለሆነ ለየጎኑ ሥር እኩል ይደርሳል።

ከረጢቱን አንድ ቀን ውሃ አጠጥተው ያሳድሩት፤ አፈሩ ሲሰርግ ይጨምሩበት። በማግስቱ ከስሩ 15 ሳንቲ ሜትር ጀምረው በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት በስለታም ቢላዋ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ይቁረጡ፤ የላይኛው ረድፍ ቀዳዳ በታችኞቹ ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ይዋል። ሦስት ረድፍ በአምስት አምስት ችግኝ ሲሞላ 15 ይሆናል፤ ሦስት ደግሞ በላዩ ላይ ይተከላል። ካሮትና ሽንኩርት በጎን አይሆኑም፤ ከላይ ብቻ ነው ቦታቸው። ችግኙን ምሽት ላይ ይትከሉ፣ ሥሩን ወደ ውስጥና ወደ ታች አዘንብለው አፈሩን በጣት ይጫኑት።

በበጋ በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ውሃ በጠጠሩ ላይ ቀስ ብሎ ማፍሰስ ይበቃል፤ ጣትን በጎን ቀዳዳ ከትቶ መፈተሽ ግን ከማንኛውም ልኬት ይበልጣል። ምስር፣ ሥጋ ወይም ሩዝ የታጠበበት ውሃ ጨውና ሳሙና እስከሌለው ድረስ ይጠጣዋል። ከቅጠሉ ጀርባ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ከታየ በ1 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው፣ ክዳኑን በመርፌ ስድስት ሰባት ቦታ በስተው፣ ጠዋት ወይም ምሽት ላይ ይርጩት። ከተተከለ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጀምሮ የታችኛውን ቅጠል ብቻ እየለቀሙ መብላት ይቻላል፤ እምቡጡን ካልነኩ ጎመኑ ለወራት ይተካል።

የገበያ ዘንቢል

በ2017 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አንድ ጊዜ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል ስለከለከለ፣ ጠንካራ ዘንቢል በየቤቱ ያስፈልጋል። የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ስሩ የተሰፋ ስለሆነ ግማሹ ሥራ ተሠርቶ ነው የመጣው። ከስሩ 50 ሳንቲ ሜትር ለክተው በመቀስ ይቁረጡ፤ የተቆረጠው ጠርዝ እንዳይተረተር በሻማ ነበልባል አጠገብ ሳያቆሙ ፈጠን ብለው ያሳልፉት፣ ይህንንም ደጅ ላይ ያድርጉት። አፉን ሁለት ጊዜ 3 ሳንቲ ሜትር አጥፈው በጆንያ መርፌና በናይለን ክር ዙሪያውን ይስፉ። ዘንቢሉን ገልብጠው ሁለቱን የስር ማዕዘኖች ቆንጥጠው 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ መስመር ተሻጋሪ አድርገው ሲሰፉት፣ ተመልሶ ሲገለበጥ ዘርጋ ያለ መቀመጫ ያወጣል።

ለእጀታ ያረጀ ቀበቶ ወይም ከጂንስ ሱሪ የተቆረጠ ወፍራም ጨርቅ 60 ሳንቲ ሜትር እየሆነ ሁለት ያዘጋጁ። እጀታው የሚያርፍበት ቦታ ከውስጥ አንድ ቁራጭ ማዳበሪያ ደርበው፣ አራት ማዕዘን ሰፍተው መሀሉን በመስቀለኛ ያጠናክሩት፤ ዘንቢል የሚቀደደው ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ነው። 10 ኪሎ ድንች ይዞ ከፍ ዝቅ በማድረግ ይፈትኑት። ጤፍ የሚይዙበት ከሆነ ግን ፍሬዋ ደቃቃ በመሆኗ በሽመናው መካከል ሾልካ መንገዱን ሁሉ ትዘራለች፤ ውስጡን በአሮጌ አንሶላ ይገብሩት።